ገጽ 211ን የለጠፈችው እጅ

ለክቡር ሚስተር ሄርሸል ኦርካት
የሎማ ሴካ ትምህርት ቦርድ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለከተማችን ጋዜጣ አዘጋጅ፣ ለንቁ ወላጆች ኮሚቴ፣ እንዲሁም አንብቤ ልፍረድ ለሚል ሁሉ

ኤፕሪል 10 ቀን 1962

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በተደረገው ስብሰባ ላይ መምህርት ኤድና ሃልቨርሰን ለመናገር በተነሡ ቁጥር ሳል ሲያስቸግርዎት አይቼ ነበርና፣ አሁን እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ሌሎቹ ሲናገሩ ጉሮሮዎ ሰላም ሆኖ ስለዋለ፣ ሕመሙ የሚነሣብዎት በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ መሆኑን ለሐኪምዎ ቢነግሩት ለምርመራው ሳይረዳው አይቀርም።

ስሜ ቬርና ታኬት ይባላል። አያውቁኝም፤ እንዲያውቁኝም አይጠበቅብዎትም። ከቢሮዎ ወጥተው አርባ ሁለት ደረጃ ቢወርዱ፣ ከማሞቂያው ክፍል አጠገብ «መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ ያለበት በር ያገኛሉ። የስድስቱ ትምህርት ቤቶቻችን የተቀደዱ መጻሕፍት የሚጠገኑት እዚያ ነው፤ እኔም በዚያ ክፍል ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ። በነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ አነጋግረውኛል። የመብራት ማጥፊያው የት እንደሆነ ጠይቀውኝ አሳይቼዎታለሁ።

አጻጻፌ ጎርበጥ ቢልብዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወላጆቼ አቧራው ከኦክላሆማ አባሯቸው ወደዚህ ሲመጡ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጥጥና ብርቱካን ስለቅም ትምህርት ቤት የገባሁባቸው ቀናት ተደምረው አንድ ዓመት አይሞሉም። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከምጠግናቸው ሉኮች ነው። ስለዚህ እውቀቴ ቀዳዳ ይበዛበታል። የፈረንሳይን አብዮት ከገጽ 88 እስከ 97 ድረስ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ምን እንዳስቆጣቸው ግን እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ልብ ደምን እንዴት እንደሚረጭ አውቃለሁ፤ ደሙ እንዴት እንደሚመለስ የሚናገረውን ገጽ አንድ ልጅ ቀዶታል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከነገ ወዲያ ሐሙስ፣ እርስዎ የሚመሩት ቦርድ ተሰብስቦ፣ በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማሩትን ሚስ ሃልቨርሰንን ከሥራ ለማሰናበት ወይም ላለማሰናበት ይወስናል። እርሳቸውም እስከዚያው ከክፍላቸው ታግደው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ክሱ አንድ ነው። በክፍላቸው ካሉት ሠላሳ ሁለት የታሪክ መጻሕፍት በሰባቱ ውስጥ፣ ሩሲያውያንን የሚያመሰግን ሉክ በእጅ ተለጥፎ መገኘቱ ነው። በዚህ ክስ የተባረረ መምህር በዚህ ግዛት ውስጥ ሁለተኛ ጠመኔ እንደማይጨብጥ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ እርሳቸውም ያውቃሉ።

ሰባቱንም ሉክ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ለቦርዱና ለንቁ ወላጆች ኮሚቴ ያለኝን ምስጋናና ከምስጋናው ጋር የተያያዙትን ጥቂት ቅሬታዎች በተራ ቁጥር ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ኮሚቴው ከተማችንን ከእንቅልፏ ስለቀሰቀሳት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የብርቱካን ዛፎቹ ተነቅለው እነዚህ ሁሉ አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቅ አይመስልም ነበር፤ ዛሬ ግን ሁሉም ሁሉን ያጠናል። ልጆቻችን መምህራን የሚናገሩትን የሚጽፉባት ትንሽ ደብተር በኪሳቸው ይዘው ይገባሉ። የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ቀይ ማሊያውን ጥሎ ሰናፍጭ የመሰለ ቀለም ለብሷል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሚስስ ላቮን ብራድሾም በሳሎናቸው ፊልም ያሳያሉ፤ እኔም አንድ ቀን ተጋብዤ ነበር፤ የሎሚ ኬኩን እንዳዞር። ፊልሙን የተመለከትኩት በወጥ ቤቱ በር በኩል ስለሆነ ግማሹን ካርታ አላየሁትም፤ ያየሁት ግማሽ ግን ቀይ ቀለም እንደ ፈሰሰ ሽሮፕ እየተንሸራተተ ሲመጣ ያሳያል። ተራኪው፣ አንድ የኮሙኒስቶች ኅዋስ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰው እንደሚይዝ ተናገረ። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሲባል መሐሉ ሰባት ነው። ሰባት ሉክ በተገኘ ጊዜ ሳሎኑ ሙሉ ትንፋሹን ለምን እንደዋጠ የገባኝ በኋላ ነው። ቅሬታዬ ይህች ብቻ ናት፦ ስንት መጽሐፍ ተቀዶ ነበር ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ስላልተጠየቅሁ ልመልስ። በዚያ የታሪክ መጽሐፍ ገጽ 212 ላይ የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሥዕል አለ። አባቶቻቸው አውሮፕላንና ሮኬት ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ባሉበት ከተማ እንዲህ ያለ ሥዕል መጽሐፍ ውስጥ አይበረክትም። በየዓመቱ ይቀደዳል። የፊት ገጹ 211፣ የጀርባው 212 ነውና ሥዕሉ ሲሄድ 211ም አብሮ ይሄዳል። አምና ከክፍል ስምንት ሰባት መጻሕፍት ይህ ሉክ ጎድሏቸው መጡልኝ። የእኔ ሥራ እንዲህ ነው፦ አርጅተው ከተጣሉ፣ እኛ «የሞቱት» ከምንላቸው መጻሕፍት መካከል ያንኑ መጽሐፍ እፈልጋለሁ፤ ደህናውን ሉክ ከሞተው አውጥቼ በሕያው ውስጥ እለጥፋለሁ። ቁጥሩ መግጠሙን፣ ገጹ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቃል መግጠሙን አያለሁ። ገጠመ።

የሞቱት መጻሕፍት በ1944 የታተሙ ነበሩ። አሳታሚው ከጦርነቱ በኋላ መጽሐፉን ሲያድስ ከገጽ 211 ላይ አንዲት አንቀጽ ብቻ አውጥቶ፣ ልክ ያንኑ የሚያህል ስለ መርከብ ሥራ የሚናገር አንቀጽ ተክቶባታል። የወጣችው አንቀጽ፣ በዚያ ጦርነት ከእኛ ጎን የቆሙት ሩሲያውያን ከተማቸውን በብርድና በረሃብ እንዴት እንደጠበቁ ትናገራለች። ክቡር ሊቀ መንበር፣ አላስተዋልኩም ብዬ አልዋሽም። የምለጥፈውን ሁሉ አነባለሁ፤ ሌላ ትምህርት ቤት የለኝም። አነበብኩት፣ አዲሱንም አነበብኩት፣ ሁለቱም በእውነት የሆነ ነገር ነው ብዬ ለጠፍኩት። በ1943 የሆነ ነገር በ1962 እንዳልሆነ መቆጠር እንደጀመረ የሚያስታውቅ ወረቀት ወደ ታች አልወረደልኝም ነበር።

ሦስተኛ፦ ኮሚቴው ላደረገው ሳይንሳዊ ምርመራ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም። ሚስስ ብራድሾ ሰባቱን መጻሕፍት ታቅፈው ወደ ክፍሌ የመጡት ማርች አጋማሽ ላይ ነው።

«ቬርና፣ የኔ ቆንጆ፣ የሚቆርጥ ነገር አለሽ?» አሉኝ።

ምላጬን ሰጠኋቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ በለጠፍኩበት ጠረጴዛ፣ ሰባቱን ሉክ አንድ በአንድ ቆርጠው አወጡ። መሐል ላይ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉና፣

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አሉ።

«ቅርንፉድ ነው፣ ሚስስ ብራድሾ። የዱቄት ሙጫዬ እንዳይሻግት ጠብታ እጨምርበታለሁ።»

«ውይ ደስ ሲል። ኬክ ኬክ ይላል እኮ።»

«ሚስስ ብራድሾ፣ እነዚህን ሉኮች እኮ...»

«አንቺ አትጨነቂ፣ የኔ እናት። ይሄ የፖለቲካ ነገር ነው፣ ራስሽን ያዞረዋል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሮኬት ፋብሪካው ኬሚስት የሆኑ አንድ አባት ሙጫውን መርምረው ያቀረቡት ሪፖርት በስብሰባው ላይ ተነበበ። ዱቄት፣ ጥቂት ጨውነት ያለው ነገር፣ እንዲሁም «ምንጩ ከባሕር ማዶ የሆነ የቅመም ዘይት»። ከባሕር ማዶ መሆኑ እውነት ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ በገበያ አዳራሹ ከቀረፋው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ሚስስ ብራድሾም የገናውን የአሳማ ሥጋ ሲሠሩበት ከዚያው መደርደሪያ እንደሚያነሡት አይቻለሁ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላስታውስ። ከገጽ 212 አውሮፕላን በታች፣ ኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ላይ ስለወደቁት ወታደሮቻችን የሚናገሩ አሥራ አንድ መስመሮች ነበሩ። እነሱም አሁን በሰባቱ መጻሕፍት ውስጥ የሉም። ልጆቹ ሥዕሉን ሲቀድዱ የሞቱትን ወታደሮች አብረው መቅደዳቸውን ነግሬያቸው ሁለቱ መጥተው ይቅርታ ጠይቀውኛል። ከኮሚቴው ይህን አልጠብቅም፤ ምላጬን ግን እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ።

አራተኛ፦ ወደ ማርች 29ኙ ስብሰባ ልምጣ። እኔ ከኋላ፣ ኮቶች ከሚሰቀሉበት አጠገብ ነበርኩ። ሚስስ ብራድሾ አንዱን ሉክ በሁለት ጣታቸው ጫፍ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያዝ ይዘው ተነሡ።

«ሚስ ሃልቨርሰን፣ ይሄን የለጠፉት እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እሺ። ማን ነው ታዲያ?»

በስድስቱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሉክ የሚለጥፍ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሚስ ሃልቨርሰን ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀደዱ መጻሕፍታቸውን ሲልኩና የተጠገኑትን ሲቀበሉ የኖሩ ሴት ናቸው። የቅርንፉዱን ሽታ ያውቁታል። ዓይናቸው በወንበሮቹ ላይ አልፎ ወደ ኮቶቹ መጣ፤ እኔ ላይ አንድ አፍታ አረፈ፤ ከዚያ ወደ ሚስስ ብራድሾ ተመለሰ።

«የምጠረጥረው ሰው ሊኖር ይችላል። ስም ግን ከእኔ አትሰሙም። የተጻፈውን አንብቤዋለሁ፤ ውስጡ ውሸት የለም።»

ከመሐል አንድ ሰውዬ፣ «በቃ፣ ራሷ ተናዘዘች» አለ። ሌላው፣ «ታዲያ ለምን ወደዚያው አትሄድላቸውም? የመሄጃዋን እኔ ልቻላት» አለና ብዙዎች ሳቁ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ወደ ባሏ ጠጋ ብላ፣ «ልጃችንን እኮ ሁለት ዓመት አስተምራዋለች፣ አንድ ክፉ ነገር...» ስትል ሰውየው ሳይዞር፣ «ዝም በይ። ፋብሪካው የመግቢያ ወረቀቴን እንዲነጥቀኝ ነው የምትፈልጊው?» አላት። እርስዎም መዶሻዎን መትተው፣ ስም ለመናገር ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ጥፋተኝነቱን ራሱ እንደመሰከረ አስረዱን።

እኔም ዝም አልኩ። ተነሥቼ «እኔ ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ይህን ከቅሬታዎቹ ጋር አልቆጥረውም፤ የሚቀርበው በእርስዎ ላይ አይደለምና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወደ ሥራ ስሄድ በሚስ ሃልቨርሰን ቤት በኩል አልፋለሁ። የደብዳቤ ሣጥናቸውን ሰው ቀይ ቀለም ደፍቶበት ነበር። እርሳቸው ነጭ ቀቡት። እንደገና ቀይ ተደፋበት። ባለፈው ዓርብ ሣጥኑን ጭራሽ ነቅለውት አየሁ፤ ያን ዕለት በመስኮቱ በኩል አይተውኝ እጃቸውን አነሡልኝ። ሰላምታ ብቻ ነበር። ወቀሳ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አምስተኛ፦ ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬን የተማርኩት ከኮሚቴው ስለሆነ፣ ያስተማሩኝ ሰዎች እንዴት እንደገባኝ ለማየት ደስ ይላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሰኞ ኤፕሪል 2 አርባ ሁለቱን ደረጃ ወጣሁ። ነገሩን ሁሉ በአጭሩ የጻፍኩበትን ወረቀት፣ ከ1944ቱ መጻሕፍት አንዱን ምልክት አድርጌበት፣ ለጸሐፊዎ ሰጠሁ። በደግነት ተቀበሉኝ፤ «ለራሳቸው እሰጣለሁ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ማክሰኞ መልስ አልመጣም። ረቡዕ ግን ሁለት ሰዎች የጭነት መኪና ይዘው መጡ። የሞቱት መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሂሳብ ነበር፣ ላቲን ነበር፣ ውኃ የነካው የሙዚቃ መጽሐፍ ነበር። አንዱንም አልነኩ። ሰማያዊ ሽፋን ያላቸውን የ1944 ታሪኮች ብቻ፣ አርባውንም፣ መጫን ጀመሩ።

«ወዴት ነው የምትወስዷቸው?» አልኳቸው።

«ወደ ማቃጠያው፣ እህቴ።»

«ሌሎቹስ? እነሱም እኮ የሞቱ ናቸው።»

«እኛ ሰማያዊዎቹን ብቻ ነው የተባልነው።»

«ማን አላችሁ?»

ትልቁ ሰውዬ በአውራ ጣቱ ጣሪያውን አሳየኝ። «ከላይ።»

እኔ ሃይማኖተኛ ሴት ነኝ፤ ነገር ግን ያኔ ያሰብኩት አርባ ሁለቱን ደረጃ ብቻ ነው።

አሥራ አራት ዓመት አንድ መጽሐፍ ለመጣል አራት ፊርማ ሲያስፈልገኝ ኖሬ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ያለ አንድ ፊርማ አርባ መጽሐፍ ሲሄድ ሳይ መጠርጠር ጀመርኩ። የኮሚቴው ፊልም፣ ሰውን ስትጠረጥሩ ሦስት ነገር ጠይቁ ይላል፦ ማን ያውቅ ነበር፣ ማን ዝም አለ፣ ማን ይጠቀማል? እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ክቡር ሊቀ መንበር፣ እርስዎ ነገሩን የማያውቁ መስሎኝ ነበር። ስላላወቁ ነው፣ ቢያውቁ ይህችን ሴት ለቀናት ከቤቷ እንዳትወጣ አያደርጓትም ነበር ብዬ ነው ደረጃውን የወጣሁት። ዛሬ፣ ከእኔ ወረቀት በፊትም ያውቁ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

የምጠረጥረውም እንዲያው አይደለም። በእያንዳንዱ ሰማያዊ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማኅተም ነበር። «በሎማ ሴካ ትምህርት ቤቶች ለማስተማሪያነት የጸደቀ፣ ሴፕቴምበር 1944» ይላል። ከሥሩ የቦርዱ ጸሐፊ ፊርማ አለ። የዚያን ጊዜ የቦርዱ ጸሐፊ በጣም ወጣት ነበሩ፤ የፊርማቸው «ኦ» ግን ዛሬም በደመወዜ ቼክ ላይ እንደማየው ሰፊና ክብ ናት። ሦስት መቶ ስልሳ መጽሐፍ ገዝተው፣ ሦስት መቶ ስልሳ ልጆች ሩሲያውያን ጎረቤቶቻቸውን ቀብረው እንዴት እንደተዋጉ እንዲያነቡ ፈርመዋል። በኮሚቴው ስሌት ሰባት ሉክ አንድ ኅዋስ ከሆነ፣ ሦስት መቶ ስልሳው ስንት ኅዋስ እንደሚሆን ለማካፈል የሚረዳኝ ገጽ ተቀዶብኛልና ሥራውን ለሚስስ ብራድሾ እተወዋለሁ።

ይህን የምጽፈው እርስዎን ቀይ ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ መለጠፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በዚህ አንድ ወር አይቻለሁ፤ እኔ የምለጥፈው ወረቀት ብቻ ነው። በ1944 ያደረጉት ትክክል ነበር። የሆነውን ነገር ለልጆች አስነበቡ። ያኔ ያጸደቁትን ገጽ ዛሬ «ውሸት የለበትም» ያሉት ሴት፣ የእርስዎን ፊርማ እንጂ የሞስኮን ትእዛዝ አልተከላከሉም። እርስዎ ግን ፊርማዎ እንዳይታይ ሲሉ እርሳቸው እንዲወድቁ ዝም እያሉ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ተሳስቼ ከሆነ፣ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ለመጠየቅ ከአሁኑ ዝግጁ ነኝ፤ ለዚህም ሲባል ሐሙስ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።

አርባ መጻሕፍት ተቃጥለዋል አልኩ። ቆጠራው ላይ የተመዘገቡት ግን አርባ ሁለት ናቸው። አንደኛውን ለእርስዎ ሰጥቼዎታለሁ፤ ተመችቶዎት እያነበቡት እንደሆነ አምናለሁ። ሌላኛውን ባለፈው ዓመት ለማንበብ ወስጄው ነበር። ማኅተሙም ፊርማውም እንዳለ ነው። በመጻሕፍት ክፍሌ የለም፣ በቤቴም የለም፤ የጭነት መኪና ለመላክ ቢያስቡ የእነዚያን ደግ ሰዎች ድካም ለመቀነስ ብዬ አስቀድሜ መናገሬ ነው።

እንግዲህ የምለምነው ጥቂት ነው። በሐሙሱ የክስ ወረቀት ላይ «ኤድና ሃልቨርሰን» የሚለው ተሠርዞ «ቬርና ታኬት» ይጻፍ። የስሜ ፊደላት ከእርሳቸው ያነሱ ስለሆኑ ቦታ አይጠብም። ለመንግሥት ታማኝ መሆኔን የሚገልጸውን መሐላ እንደ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ፈርሜያለሁ፤ ቦርዱ ሊያየው ከፈለገ ፋይሌ ውስጥ ነው፣ ቀጭን ፋይል ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። ሰባቱን መጻሕፍት ይዘው ለተገኙት ሰባት ልጆች ወላጆች የተላከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ይነሣ። ከነሱ አንዷ፣ የመጽሐፏ ተራ ቁጥር በደብዳቤው ላይ ስለተጻፈ መጽሐፉን ስትመልስልኝ ሌላ ቁጥር ያለው እንድሰጣት እያለቀሰች የለመነችኝ ልጅ ነበረች፤ ቁጥር እንጂ ታሪክ አልጠላችም። ሚስ ሃልቨርሰን ደግሞ ወደ ክፍላቸው ይመለሱ። ተተኪው ወጣት ልጆቹን ከእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል ላይ አቁሟቸዋል፤ ማን እንዳሸነፈ ሳያውቁ በጋው እንዳይገባባቸው እሰጋለሁ።

በዚህ ጥፋቴ ከሥራ እንደምሰናበት አላጣሁትም። ጠረጴዛዬን አጽድቻለሁ፤ የሙጫውን አሠራር ለሚተካኝ ሰው ጽፌ በሩ ላይ ሰቅያለሁ። ከባሕር ማዶ የመጣውን ቅመም መጨመር አለመጨመር ለቦርዱ ውሳኔ ክፍት ትቼዋለሁ።

የከተማችንን ልጆች ከገጽ 211 ለማዳን ቀንና ሌሊት ለሚደክሙት ለእርስዎና ለቦርዱ አባላት ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ እንቅልፍና መልካም የማስታወስ ችሎታ ተመኝቼ፣ በአርባ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ታማኝ ሠራተኛዎ
ቬርና ታኬት
የመጻሕፍት ጥገና ክፍል

ማስታወሻ፦ እንደሚያውቁት፣ የእርስዎ ቢሮ የሚጥለው ወረቀት ለመጻሕፍት ጀርባ ማጠንከሪያ እንዲሆነኝ በየሰኞው በካርቶን ይወርድልኛል። ትናንት በወረደው ካርቶን ውስጥ ለሚስ ሃልቨርሰን የተጻፈ ደብዳቤ የካርቦን ግልባጭ አገኘሁ። ቦርዱ መልሳቸውን «ሙሉ በሙሉና በጥሞና ካዳመጠ በኋላ» በአንድ ድምፅ እንዳሰናበታቸው ያስታውቃል። ቀኑ ዓርብ ኤፕሪል 13 ነው። ስብሰባው ሐሙስ ኤፕሪል 12 ነው። ወረቀቱ እጄ የገባው ኤፕሪል 9 ነው። እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝና የትኛው ቀን ከየትኛው እንደሚቀድም ተሳስቼ ይሆናል ብዬ፣ አረጋግጦ ለአንባቢዎቹ እንዲነግርልኝ ግልባጩን ለጋዜጣው አዘጋጅ ልኬዋለሁ። ጋዜጣው ነገ ማለዳ ይወጣል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት አዳራሹን የሚሞላው ሕዝብ የቦርዱን ውሳኔ አስቀድሞ አንብቦት ይመጣል፤ እርስዎም ሌላ ለመጻፍ ሁለት ሙሉ ቀን አለዎት።